የፓንጋሲናን ጨው

በፊሊፒንስ ሉዞን ደሴት፣ በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚገኘው የፓንጋሲናን ክፍለ ሀገር ስፔናውያን እ.ኤ.አ. በ1570ዎቹ ሲደርሱበትም ጨው ይመረትበት ነበር።

በበጋ የባሕር ውሃ ጥልቀት ወደሌላቸው መደቦች ይገባል። ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ካተነኑት በኋላ ሠራተኞች ነጩን ጨው እየገፉ ይከምራሉ። ድንገት ዝናብ ከጣለ ግን ልፋቱ ሁሉ ሟሙቶ ይቀራል።

በ1892 ባቡር ከማኒላ በፓንጋሲናን እስካለችው ዳጉፓን ሲዘረጋ ክፍለ ሀገሩ ከዋና ከተማዋ ገበያ ጋር ተገናኘ።

በ1995 የወጣው ሕግ ደግሞ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። ዓላማው እንቅርትን ጨምሮ በአዮዲን እጥረት የሚመጡ በሽታዎችን መከላከል ነበር። ወጪው ግን ለአነስተኛ አምራቾች ከበዳቸው፤ ገበያውንም ከውጭ የሚገባ ጨው ተቆጣጠረው።

ዛሬ ፓንጋሲናን 44 ትንንሽ ከተሞችና 4 ትልልቅ ከተሞች፣ በሥራቸውም እንደ ቀበሌ ያሉ ባራንጋዮች አሉት። በ2020 ቆጠራ ሕዝቡ ከ3 ሚሊዮን በልጧል። መቀመጫውን ሊንጋየን ያደረገው የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር በቦሊናኦ ሥራ አቁሞ የነበረን ሰፊ የጨው እርሻ ተረክቦ ራሱ ማምረት ጀምሯል። በ2024 ደግሞ የጨው ኢንዱስትሪን የሚያበረታታ አገር አቀፍ ሕግ ጸድቋል።