የጽሑፍ አማና

ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ የጥንቷ አውፋት ፍርስራሽ ይገኛል። ይፋትን ይገዙ የነበሩት የወላስማ ሱልጣኖች ያረፉት እዚያ ነው። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸውን ዐረብኛ ፊደል የቆጠረ ሰው ዛሬም ያነበዋል። ደረሳ በብዕር የገለበጠው ኪታብም እንዲሁ ነው። ምስጥና ውኃ ካልነካው፣ የሚያነበው ዓይንና የሚያስተምረው ሸኽ ይበቃዋል።

ውድ አንባብያን! በእኛ ዘመን የተጻፈውስ?

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ ኢስላማዊ መጽሔቶችና መጻሕፍት በአማርኛ በብዛት መታተም ጀመሩ። ያን ጊዜ ለገጽ ቅንብር የተለመደው የኮምፒውተር ፕሮግራም ፔጅ ሜከር ነበር። አልደስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 አወጣው፤ በ1994 ወደ አዶቢ ተዛወረ፤ የመጨረሻው 7ኛ እትም በ2001 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቆመ።

የእኛ ችግር ግን እጥፍ ነው። በጊዜው አንድ ፎንት ከ256 የበለጠ ቦታ አልነበረውም። የግዕዝ ፊደል ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ስለማይበቃው አዘጋጆቹ ፊደሉን በላቲን ቦታ ላይ እንደየፍላጎታቸው ደለደሉት። ስለዚህ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪና ብራና እርስ በርስ አይግባቡም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ሲከፈት «ቢስሚላህ» የነበረው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ለግዕዝ ፊደል የጋራ ቁጥር የሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ፔጅ ሜከር ግን እስከ መጨረሻው ዩኒኮድን አልተቀበለም።

እንግዲህ አንድ ዓሊም የጻፈው መጽሐፍ ገበያ ላይ ካለቀና ፋይሉ አልከፈት ካለ፣ ያለው አማራጭ ከአሮጌው ቅጂ እንደገና መተየብ ነው። በትየባ ላይ ደግሞ «ይሰገዳል» በአንዲት ፊደል ቅርጽ «ይሰግዳል» ይሆናል። ሐላልና ሐራም በሚነገርበት መጽሐፍ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰሃቦች በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ትተውልናል። በአቡበክር (ረ.ዐ.) ኺላፋ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ632 እስከ 634፣ በየማማ ጦርነት ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች ሸሂድ ሆኑ። ዘይድ ኢብኑ ሣቢትም በተምር ዘንባባና በብራና ላይ ከተጻፈው፣ በሰዎች ልብም ከተያዘው ቁርኣንን ሰበሰበ። በዑሥማን (ረ.ዐ.) ጊዜም ቅጂው ተባዝቶ ወደ ከተሞች ተላከ። አማናውን ለአንድ መያዣ ብቻ አልተዉትም።

እኛስ ምን እናድርግ? ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይበላሽ ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ እንለውጥ። ሆኖም ፒዲኤፉ የሚያድነው የገጹን መልክ ነው፤ በአሮጌ ፎንት የተጻፈው ቃል ተቀድቶ ሲወጣ ያው ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ቃሉን ወደ ዩኒኮድ አዙረን፣ ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል እናስተያየው። አሮጌውን ፋይልና ፎንቱንም አንጣል። በነጻ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ቅንብሩ ቢዛነፍም፣ የፔጅ ሜከር ፋይል ይከፍታል። የታተመውንም አንድ በቤት፣ አንድ በመድረሳ እናኑር።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍትም የፓብሊሸርን አገልግሎት ማቆሚያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2026 ብሎ ቀን ቆርጧል። የመድረሳ መማሪያ በፓብሊሸር ያዘጋጀ ሁሉ ዛሬውኑ ይነሳ።

አላህ የዑለማዎቻችንን ዒልም ለልጆቻችን ያድርስልን።