ሕዋስን ማን ያዝዘዋል? የአንድ ሥዕል ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ስሥለው ስለኖርሁት ሥዕል ነው። ሕዋስ ይጓዛል፤ ከፊቱ ራክ የተባለው ፕሮቲን ይገፋዋል፤ ከኋላው ሮ ይሰበስበዋል። ሥዕሉ ለፈተና ይመቻል። ታሪኩን ስንመረምር ግን ሥዕሉ ከማስረጃው ቀድሞ እንደሄደ እናያለን። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤሊ ሜችኒኮፍ በ1882 በሜሲና ከተማ ግልጽ አካል ባለው የባሕር ኮከብ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾኽ ሰካ፤ በማግሥቱም ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ከብበውት አገኘ። ሕዋስ ወደ አንድ ነገር እንደሚጓዝ ታየ፤ በምን ኃይል፣ በማንስ ትእዛዝ? የሚሉት ጥያቄዎች ግን ቀሩ።

ለኃይሉ ጥያቄ መልሱ የመጣው ከጡንቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በሃንጋሪዋ ሴገድ፣ በአልበርት ሴንት ጆርጂ ቤተ ሙከራ፣ ብሩኖ ሽትራውብ አክቲንን ለይቶ አወጣ። አክቲን ለረጅም ጊዜ የጡንቻ ንብረት ተደርጎ ተቆጠረ። በ1966 ሃታኖና ኦሳዋ ጡንቻ ከሌለው ዝልግልግ ፍጡር ከፊዛሩም አወጡት፤ በ1974 ደግሞ ላዛሪደስና ዌበር በሚያበራ ጸረ እንግዳ አካል አማካይነት የአክቲን ክሮችን በተራ ሕዋሳት ውስጥ አሳዩ።

የትእዛዙ ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ ተመለሰ። በ1985 ማዶልና አክሰል የሮን ጂን በባሕር ቀንድ አውጣ ውስጥ አገኙ። ሮና ዘመዶቹ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ናቸው፤ ጂቲፒ ሲይዙ ይነቃሉ፣ ጂዲፒ ሲይዙ ያንቀላፋሉ። በ1992 አን ሪድሊና አላን ሆል ለንደን ውስጥ ፕሮቲኖቹን በቀጭን መርፌ ወደ አይጥ ሕዋሳት አስገቡ። ሮ ወፍራም የአክቲን እሥሮችን፣ ራክ በሕዋሱ ጠርዝ ላይ ሞገድ መሰል እጥፋቶችን ፈጠረ። በ1995 ደግሞ ሲዲሲ 42 ቀጫጭን ጣቶችን እንደሚያወጣ ታወቀ። ሁለቱ የምርምር ጎራዎች፣ የአጽሙና የመልእክቱ፣ በዚህ ተገናኙ፤ የእኔም ሥዕል ከዚህ ተወለደ።

ይሁንና በ2009 ማቻቼክና ባልደረቦቹ ፕሮቲኖቹ ሲነቁ ብርሃናቸውን የሚለውጡ ጠቋሚዎችን ተጠቅመው የሕዋሱን ጠርዝ ተከታተሉ። ጠርዙ ሲገፋ አብሮ የሚነቃው፣ ከኋላ ያስቀመጥሁት ሮ ሆኖ ተገኘ። ራክና ሲዲሲ 42 የነቁት ከ40 ሰከንድ በኋላ፣ ከጠርዙም 2 ማይክሮሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ነበር።

የ1992ቱ ሙከራ ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። የጠየቀው «ይህ ፕሮቲን ምን ለመሥራት ይችላል?» ብሎ ነው፤ በትክክልም መለሰ። የ2009ኙ «መቼና የት ይሠራል?» ሲል ጠየቀ። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጌ የሣልሁት እኔ ነኝ። የካንሰር ሕዋስን ጉዞ ለመግታት የሚነሣ ሰው ይህን ልዩነት ካልያዘ፣ የሚዘጋውን በር ይስታል።

ሥዕሉን ዛሬም እሥለዋለሁ፤ ከጎኑ ግን ሰዓት እጨምርበታለሁ።