የሞተ ድምፅ ዱካ

እስኪ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ግስ ታሪክ ልንገራችሁ። ማንም ጽፎ አላቆየውም፤ ምሁራን ከልጅ ልጆቹ መልክ ተነሥተው ያገኙት ነው። ስለዚህ ሲጽፉት ፊቱ ላይ ኮከብ ያኖሩለታል።

ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛና ዴንማርክኛ ሳይለያዩ በፊት፣ በሰሜን አውሮፓ በሚነገር ቋንቋ፣ «ተለውጦ ሌላ መሆን» «ዌርሣናን» ይባል ነበር። ንጉሡን «ሠ» የተዋስኩት ምላስ ጥርሶች መካከል ገብታ ለምታወጣው ድምፅ ነው። የግሱ ዘመዶች በላቲን «ዌርቴሬ»፣ በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «ቫርታቴ» ናቸው፤ ትርጉማቸው መዞር ነው።

ታዲያ «ሆነ» ሲሉ «ዋርሥ»፣ «ሆኑ» ሲሉ ግን «ዉርዱን» ይሉ ነበር። አናባቢው መለወጡ ደንብ ነው። «ሠ»ን ግን ማን «ደ» አደረጋት? የቋንቋ ምሁሩ ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 ባወጣው ሕግ የጥንቱ፣ በ«ዌርቴሬ» ያለው «ተ» መሆን ያለበት «ሠ» ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ የቋንቋ ምሁሩ ካርል ቬርነር ከምግብ በኋላ ጋደም ሊል ፈለገ። እንቅልፍ እንዲያመጣለት የፍራንዝ ቦፕን የንጽጽር ሰዋስው አነሣ። ዓይኑ በሁለት የሳንስክሪት ቃላት ላይ አረፈ፦ «ፒታር» አባት፣ «ብህራታር» ወንድም። የድምፅ ጫና ምልክቱ በ«ፒታር» መጨረሻው፣ በ«ብህራታር» መጀመሪያው ላይ ነው። የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ ጥንታዊ ዘመድ በሆነው በጎትኛ ደግሞ አባት «ፋዳር»፣ ወንድም «ብሮሣር» ነው። ነገሩ በራለት! ጫናው ከፊቷ ሲቀድማት «ሠ» ትጸናለች፤ ከኋላዋ ሲሆን ወደ «ደ» ትለሰልሳለች።

ግሳችንም ይኸው ነው፦ በሳንስክሪት በነጠላ «ቫቫርታ» ሲሉ ጫናው ከ«ተ» በፊት፣ በብዙ ቁጥር «ቫቭሪቲማ» ሲሉ መጨረሻው ላይ ያርፋል። ቬርነር ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመ። የእንግሊዝኛው «ዋዝ» በብዙ ቁጥር «ዌር» የሚሆነውም በዚሁ ሕግ ነው።

በእነዚያ የሰሜን ሰዎች አፍ ጫናው ኋላ ወደ ቃሉ መጀመሪያ ስለተዛወረ የቀድሞ ቦታው ጠፍቶ ነበር። ፊደል ደግሞ ሁሉን አይዝም፦ እኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው በፊደሉ አይለይም፤ በማጥበቅና በማላላት የሚለየው አፋችን ነው። አፍ ሲዘጋ ምስክሩ ያልፋል። የህንድ ካህናት ግን በሳንስክሪት ያለውን ቅዱስ ቃላቸውን ቬዳን ከነጫናው፣ በቃል፣ ከአባት ወደ ልጅ አቆዩት። የራሳቸውን አደራ ሲጠብቁ፣ በስም እንኳ የማያውቁት ሕዝብ የጣለውንም ጠበቁለት።