የዱብሉቅ ተራ

ቦረና ውስጥ ከሜጋ ወደ ያቤሎ ሲኬድ ዱብሉቅ ትገኛለች። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ከብቶች ጋር እዚያ ኤላ በሚባለው የውሃ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቆሜ ያየሁትን፣ ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሶፍትዌር ስሠራ አልረሳውም።

ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ዘጠኝ ቦታ ይገኛሉ፤ ዱብሉቅ አንዱ ነው። እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ሙሉው ባልዲ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል፣ ምቱን ዜማው ይሰጣል። ባልዲው ቀድሞ የቀጭኔ ቆዳ ነበር አሉ፤ እኔ የደረስኩበት አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ነው። መሃል ያለው ሰው የሚያየው ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ብቻ ነው። ከብቱ የሚጠጣበትን ገንዳ አያይም፤ ገንዳው ግን ይሞላል።

ተራ የሚያስይዘው አባ ሄሬጋ ነው። ጉድጓዱን ያስጀመረው ሰው ጎሳ ቅድሚያ አለው እንጂ ውሃውን አይሸጥም። ተራ የጣሰ ኮራ ኤላ በሚባለው የጉድጓዱ ጉባኤ ፊት ይቀርባል፤ ይመከራል፣ ካልተመለሰ ይቀጣል። ትልልቁ ሕግ ደግሞ በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚባለው የቦረና ጉባኤ ላይ ይታያል፤ 37ኛው በ1988 ዓ.ም. ተካሂዷል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት ፕሮጀክት በማሽን ኩሬ ማስቆፈር ጀመረ። ውሃ ለጠማው ከብት ደግ ነገር ነበር። ግን ኩሬው የተቆፈረው በዝናብ ወቅት ብቻ በሚጋጥ መሬት ላይ ነው። ያ ሣር በበጋ የሚያርፈው ውሃ ስላልነበረው ነበር፤ ግጦሹን የሚጠብቀው የውሃው ተራ ነበር ማለት ነው። ኩሬው ሲመጣ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ከረመበት፤ መሬቱም ተጎዳ።

ይህን ስህተት በራሴ ሥራ ደግሜዋለሁ። ኤጀንት የሚባሉ ብዙ ፕሮግራሞች እየተነጋገሩ ፈቃድ የሚመረምሩበት ሥርዓት ለአንድ ድርጅት ስሠራ፣ ወረፋ የበዛበትን አንዱን ኤጀንት ለማፍጠን አቋራጭ መዝገብ ከፈትኩለት። ደንቡ ግን የተጻፈው በዋናው በር ላይ ነበር። በሳምንት ውስጥ ሌሎቹም በአቋራጩ መግባት ጀመሩ። አንዳቸውም ደንብ አልጣሱም፤ ደንቡ ግን የሚጠብቀው ነገር አጣ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ መዝገቡን አጸዳሁ።

አሁን ኮዴ ውስጥ አዲስ መዝገብ ተራ አስያዥ ካልተሰየመለት አይከፈትም። የአስያዡ ስም የሚገባበትን መስክ «ሄሬጋ» ብዬዋለሁ። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ስለ ጀሪካኑና ስለ ገንዳው እነግራቸዋለሁ።