ድምፅና አድማጭ



«አድማጭ» ብለን ስንጠራችሁ «ድምፅ» የሚለው ቃል ውስጡ አለ። በግእዝ «ደምፀ» ማለት ድምፅ ሰጠ፣ ተሰማ ማለት ነው፤ በአማርኛ «ፀ» ወደ «ጠ» ተለውጦ «አዳመጠ» ሆነ። በዐረብኛም «አዛን» እና «ኡዙን» (ጆሮ) ሥራቸው አንድ ነው። ድምፅ ያለ ጆሮ ሙሉ አይሆንም።

የሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) በመካ በባርነት ሳለ ጩኸቱን የሚያደምጥለት አልነበረም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (630 እ.ኤ.አ.) መካ ስትከፈት ግን ከካዕባ ላይ አዛን አሰማ።

እዚህ በመቱና በዳሪሙ «ሰገሌ» የምንለው ድምፅ በየቤታችን ሞልቷል፤ ማዳመጡ ግን አንሷል። እኔም ልጄን ሳላዳምጥ የጮኽሁበት ቀን አለ። ሉቅማን ልጁን የመከረው ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ነው (31፡19)። እኛ አባቶች ከራሳችን እንጀምር።