ባለ ቀለም ቀፎ
በሬዲዮ የሚመራ ሞተር አልባ ሞዴል አውሮፕላን አካል፤ ፋይበርግላስ፣ ኢፖክሲ፣ ቀለም

የዚህ ቀፎ ቀለም ጌጥ ቢመስልም ዋና ሥራው ጥበቃ ነው። ኢፖክሲ የፋይበርግላሱን ክሮች አጥብቆ ይይዛል፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አይችልም። ሳይሸፈን ከቆየ ይወይባል፣ ገጹም ኖራ መስሎ ይፈረፈራል። ከምድር ወገብ በ7 ዲግሪ ገደማ ርቃ ከፍታ ላይ ለተቀመጠችው ወላይታ ሶዶ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታልና።

ቀለም ክብደት ስለሆነ ባዶውን ይብረር የሚሉ አሉ። ስለ ጅራቱ እውነት አላቸው፦ አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም በመሆኑ ኋላ ላይ የተጨመረ 1 ግራም ፊት ላይ ብዙ ግራም ማመጣጠኛ ይጠይቃል። መፍትሔው ግን ቀለሙን መተው ሳይሆን ማሳሳት ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው የቀረውን ሰም አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ስስ አድርጎ መርጨት። የወላይታ ባህላዊ ጨርቅ የሆነው የዱንጉዛ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ እጅግ ያምራል፤ ከሶዶ አጠገብ ባለው የዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲኖርም ቀዩ ከሩቅ ይለያል። ጥቁሩ ግን ጠባብ መስመር ይሁን። ሙቀት ይስባል፤ ያለ ምድጃ የደረቀ ኢፖክሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ለጀርባው ነጭ ይሻላል።