የጨጓራ ምስጢር፤ ከማደንዘዣ በፊት ስለሚጠየቅ ጥያቄ



ሰው ለኦፕራሲዮን ሲዘጋጅ ባለሙያው ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ «መቼ ነው የበላኸው?» የሚል ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን እንደ ተራ ጥያቄ ያየዋል። አንዳንዱም ተራው እንዳያልፈው በመስጋት «ምንም አልቀመሰም» ብሎ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ከዚህች አጭር ጥያቄ ጀርባ ከ170 ዓመት በላይ ያስቆጠረና የሰው ሕይወት የተከፈለበት ታሪክ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆድን ለምግብ፣ ለውኃና ለትንፋሽ ከፍሎ የመያዝን ምክር ሁላችንም ገና በልጅነታችን በመድረሳ ተምረነዋል። ምግብና ትንፋሽ በእርግጥም ጎረቤታሞች ናቸው። የሁለቱም መንገድ በጉሮሮ በኩል ያልፋል። ነቅተን ሳለን ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ቢሳሳት በሳል ይመለሳል፤ ይህ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን ዘበኛ ነው። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ዘንድ ግን ይህ ዘበኛ አብሮ ይተኛል። በጨጓራ አፍ ላይ ያለው ጡንቻም ይላላል። ጨጓራው ሞልቶ ከነበረ የያዘው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ በዝምታ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል።

ይህ አደጋ እንዴት ታወቀ? ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአደባባይ የታየው በ1846 ነው። በማግስቱ ዓመት በስኮትላንድ ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቀ። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 1848 ሃና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጃገረድ የእግር ጣቷን ጥፍር ለማስነቀል ክሎሮፎርም ተሰጣትና ወዲያው ሞተች። ብዙዎች ክሎሮፎርሙን ከሰሱ። ሲምፕሰን ግን ልጅቷን ለማንቃት ሲባል በአፏ የተጨመረው ውኃና መጠጥ አንቋት ይሆናል ሲል ተከራከረ። ክርክሩ እልባት ባያገኝም፣ የደነዘዘ ሰው አፍና ሆድ ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መታሰብ ጀመረ። በ1883 ታዋቂው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር በጨጓራ ውስጥ ጠጣር ምግብ መኖር እንደሌለበት፣ ሆኖም ከሁለት ሰዓት ገደማ በፊት ሻይ ቢጠጣ እንደሚጠቅም ጽፏል። ጠጣርና ፈሳሽ እንደሚለያዩ በዚያን ጊዜም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር ያስረዳው ከርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒውዮርክ የማህፀን ሐኪም ነው። በ1946 ባሳተመው ጥናቱ ከ1932 እስከ 1945 በአንድ ሆስፒታል የታዩ 44,016 እርግዝናዎችን መረመረ። ከእነዚህ ውስጥ 66 ሴቶች በማደንዘዣ ሥር ሳሉ የጨጓራቸው ይዘት ወደ ሳንባቸው ገብቶ ነበር፤ ሁለቱ በጠጣር ምግብ ታንቀው ሞተዋል። ሜንደልሰን ቀጥሎ በጥንቸሎች ላይ ሞከረ። የጨጓራ አሲድ ሳንባ ሲገባ ሳንባውን ክፉኛ እንደሚጎዳ፣ አሲዱ ከከሸፈ ግን ያ ዓይነት ጉዳት እንደማይደርስ አሳየ።

ከዚህ በኋላ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም በአፍ አይግባ» የሚለው ትእዛዝ በየአገሩ ተስፋፋ። ትእዛዙ ለማስታወስ ቀላል ቢሆንም በሽተኛውን አለ መጠን አስራበ። ውኃ ከጨጓራ ቶሎ ይወጣል፤ እንጀራና ሥጋ ግን ለብዙ ሰዓት ይቆያሉ። ሁለቱን በአንድ ሰዓት መከልከል ለምን አስፈለገ? በ1999 የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ጤነኛ ሰው ለቀጠሮ ኦፕራሲዮን ሲዘጋጅ ከንጹሕ ፈሳሽ 2 ሰዓት፣ ከእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ከቀላል ምግብና ከላም ወተት 6 ሰዓት፣ ከቅባትና ከሥጋ 8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይታቀብ ተባለ። በእኛም አገር በ2014 የታተመ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥናት አብዛኞቹ በሽተኞች ከመመሪያው በላይ ለረጅም ሰዓት ተርበው እንደሚቆዩ አሳይቷል።

ታዲያ ሰዓት መቁጠር ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። ምጥ፣ ኃይለኛ ሕመም፣ ስብራት፣ ድንጋጤና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን ያዘገያሉ። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ምሳውን በልቶ ከዛፍ የወደቀ ወይም በሬ የወጋው ገበሬ በቃሬዛም በመኪናም ተጉዞ ማታ ሆስፒታል ቢደርስ፣ ሰዓቱ ስምንት ቢሞላም ምሳው ከጨጓራው ላይወጣ ይችላል። ሰዓት የሚቆጥረው ጊዜን ነው እንጂ በሆድ ውስጥ ያለውን አያይም።

የሚያይ መሣሪያ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የስኮትላንዱ የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በፋብሪካ የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ ከሚያገለግል መሣሪያ ተነሥቶ፣ በድምፅ ሞገድ የሆድን ውስጥ ማየት እንደሚቻል በ1958 አሳተመ። ዛሬ እርጉዝ እናቶቻችን የሚታዩበት አልትራሳውንድ ከዚያ የመነጨ ነው። በ2009 ደግሞ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ አናሂ ፔርላስና ባልደረቦቿ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ጨጓራን በዚሁ መሣሪያ መርምሮ የያዘውን መገመት እንደሚቻል አሳዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው በጀርባው፣ ከዚያም በቀኝ ጎኑ ይተኛል። መሣሪያው ከደረት አጥንት በታች ይደረግና በጉበትና በጣፊያ አጠገብ ካለው ሥፍራ ሳይሆን በጉበትና በቆሽት መካከል የሚገኘው የጨጓራ የታችኛው ክፍል ይታያል። ባዶ ከሆነ ጠፍጣፋ ነው፤ ውኃ ከያዘ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ምግብ ካለበት ነጭና ዥጉርጉር ይሆናል። ፈሳሹም ይለካል። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.5 ሚሊ ሊትር ካልበለጠ እንደ ባዶ ሆድ ይቆጠራል፤ ለ60 ኪሎ ሰው ይህ 90 ሚሊ ሊትር፣ አንዲት አነስተኛ የሻይ ብርጭቆ የምትይዘው ያህል ነው። ሆዱ ሞልቶ ከተገኘ፣ ኦፕራሲዮኑ የሚቆይ ከሆነ ይቆያል፤ የማይቆይ ከሆነ ግን ባለሙያው በወገብ መርፌ ማደንዘዝን ይመርጣል፣ ወይም የአየር ቧንቧውን በፍጥነት በቱቦ ይጠብቃል።

መሣሪያው ግን ያለ ሠለጠነ ዓይን ዋጋ የለውም። ቀኗ በደረሰ እርጉዝ ላይ ማየቱ ይከብዳል፤ ጨጓራው ቀድሞ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ላይም ልኬቱ አያስተማምንም። በየሆስፒታሉም ሁሉ ይህ ምርመራ አይገኝም። ስለዚህ በእኛ ገጠር ከሁሉ የቀደመው መሣሪያ የአስታማሚው እውነተኛ ቃል ነው።

እህቶቼና ወንድሞቼ! ምጥ የያዛትን እናት ጎረቤት ተሰብስቦ «ኃይል ይሁናት» እያለ ገንፎና አጥሚት ያቀምሳታል፤ ተልባም ይበጠበጥላታል። አሳባችን መልካም ነው። ነገር ግን አጥሚትና ተልባ ቢጠጡም ንጹሕ ፈሳሽ አይደሉም፤ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ንጹሕ ፈሳሽ የሚባለው ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይና ቡና የመሰለ ነው። ወደ ሆስፒታል ከሄደች የቀመሰችውን ሁሉ ከነሰዓቱ ንገሩ።

በረመዷንም ይህ ጉዳይ ይነሣል። ሌሊት በ11 ሰዓት ሱሑር የበላ ሰው ጠዋት በ4 ሰዓት ለኦፕራሲዮን ቢቀርብ «ጾመኛ ነኝ» ማለቱ አይበቃም፤ ከበላ ገና 5 ሰዓት ነውና። የጾም ኒያና የጨጓራ ባዶነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሕመምተኛ ደግሞ ጾሙን በሌላ ቀን የሚያወጣበት ፈቃድ በቁርኣን ተሰጥቶታል። በሌላ በኩል፣ ተራው የዘገየበት ሕፃን ወይም ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ሲጠማ ዝም አትበሉ። «እስከ ስንት ሰዓት ውኃ ይጠጣ?» ብላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አትወስኑ።

በልቷል ማለት ነውር አይደለም። የሚያመጣው ጣጣ ቢበዛ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ነው፤ አስቸኳይ ከሆነም ባለሙያው ተዘጋጅቶ ይገባል። የተደበቀች አንዲት ጉርሻ ግን ትንፋሽ ልትዘጋ ትችላለች። ሐቅን መናገር አማና ነው፤ በኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ደግሞ ነፍስን መጠበቅ ነው።